ከሥር ያለው ድምፅ

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የደረደርኳቸውን ሸክላዎች ታያላችሁ። ከእነዚህ አንዱን ባጫውትላችሁ፣ ሳክስፎኑ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሲጮህና ሲማጠን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ጆሯችሁን ትይዛላችሁ። ሌላውን ባጫውትላችሁ ደግሞ ፒያኖው ዝግ ብሎ፣ በሹክሹክታ ስለሚመጣ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ወሬ ትጀምራላችሁ። ሁለቱም ጃዝ ይባላሉ። «ታዲያ የቱ ነው ጃዝ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። የመጀመሪያውን የሚወድ ሁለተኛውን የሆቴል ሙዚቃ ይለዋል፤ ሁለተኛውን የሚወድ የመጀመሪያውን ጩኸት ይለዋል።

እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት የለስላሳው ወገን ነበርኩ። የጆን ኮልትሬንን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» መጀመሪያ የሰማሁት ከካሴት በተገለበጠ ካሴት፣ ስፒከሯ መዳፍ በምታክል ቴፕ ነበር። የደረሰኝ ሳክስፎንና ሲምባል ብቻ ነው። ጣሪያውን እንጂ ቤቱን አልሰማሁትም። ከዓመታት በኋላ አንድ ወዳጄ ቤት፣ በደህና ስፒከር ያንኑ አልበም ሰማሁ። ገና አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ወለሉ በእግሬ ሥር ነዘረ። ቤዙ መግባቱ ነበር። ያን ምሽት የተረዳሁትን ነው ዛሬ ላካፍላችሁ የመጣሁት። ነገሩ አንድ ነው፦ ቤዙን ተከተሉ።

ስለ ኢትዮ ጃዝ እንድናገር የጠበቀ ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሙላቱ አስታጥቄ የራሱ ሙሉ ምሽት የሚገባው ሰው ነው። የዛሬው ጉዟችን ይበልጡን ኒው ዮርክና አካባቢዋ ነው፤ ቀኑንና ዓመቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ቤዝ ስል ትልቁን፣ የእንጨቱን፣ ቆመው የሚጫወቱትን ደብል ቤዝ ማለቴ ነው። ከሰው ቁመት የማያንስ ነው፤ አራት ክሮች አሉት። ወፍራሙ ክር ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህም የሰው ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ቤዝን የምንሰማው በጆሮ ብቻ አይደለም፤ በደረታችን፣ በተቀመጥንበት ወንበር፣ በወለሉም ጭምር ነው። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር ከቅርብ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ደርዳሪው አፉን ሳይከፍት የክሩ ንዝረት ብቻ ልብን ያሳርፋል። የክራር ባንድ የሰማም ሰው ቤዝ ክራሩ ቢወጣ ጭፈራው ምን እንደሚሆን አያጣውም። ጃዝ ውስጥ የቤዝ የቆየ ሥራው መራመድ ነበር፤ በአራት ምት አራት እርምጃ፣ ሳይቸኩል ሳይዘገይ፣ ለሌሎቹ መንገድ እየጠረገ። አሁን የማነሳቸው ሰዎች ይህን ሥራ ለወጡት።

ማርች 2 ቀን 1959 እንጀምር። ማንሃተን ውስጥ 30ኛ ጎዳና ላይ የነበረው የኮሎምቢያ ኩባንያ ስቱዲዮ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ድምፅ የሚያስተጋባ ሰፊ ክፍል ነው። መለከተኛው ማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለውን አልበም ለመቅዳት ሙዚቀኞቹን የሰበሰበው እዚያ ነው። ከእነሱ ሁለቱን ልብ በሉልኝ። ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ቢል ኤቫንስ ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ፊቱ ቁልፎቹን ሊነካ እስኪደርስ አንገቱን ደፍቶ የሚጫወት የ29 ዓመት ወጣት። ቴነር ሳክስፎኑን የያዘው ጆን ኮልትሬን ነው፤ 32 ዓመቱ፣ አያቶቹ ሰባኪዎች የነበሩ የሰሜን ካሮላይና ልጅ። ኋላ አንዱ የለስላሳው ፒያኖ፣ ሌላው የመንፈሳዊው ጃዝ ምልክት ሆኑ። ያን ቀን ግን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ዜማ ላይ ነበሩ።

ያ ዜማ «ሶ ዋት» ይባላል። ዜማውን የሚያወጣው መለከቱ አይደለም፤ ሳክስፎኑም አይደለም። የ23 ዓመቱ ቤዚስት ፖል ቼምበርስ ነው። ቤዙ ያወጣል፤ ሌሎቹ በሁለት አጭር ኮርድ ይቀበላሉ። ቤዙ ደግሞ ያወጣል፤ እነሱ ደግሞ ይቀበላሉ። ያቺን ሁለት ኮርድ ከቤተ ክርስቲያን «አሜን» ጋር የሚያመሳስሏት ብዙዎች ናቸው። ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አውጪና ተቀባይ ባለበት አገር ነው ያደግነው። እንግዳ የነበረው አውጪው ቤዝ መሆኑ ነው።

(እዚህ ላይ የ«ሶ ዋት» መጀመሪያ ለታዳሚው ተደመጠ።)

ሰማችሁ? እንግዲህ ኤቫንስም ኮልትሬንም ከዚያ ክፍል ወጥተው በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። መንገዳቸው ግን ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ አንድ ምድር ቤት ውስጥ እንደገና አገናኛቸው፤ በአራት ወር ገደማ ልዩነት።

ቦታው ቪሌጅ ቫንጋርድ ነው። ማክስ ጎርደን የተባለ ሰው በ1935 የከፈተው፣ በኒው ዮርኩ ግሪንዊች ቪሌጅ ሰፈር ከመንገዱ በደረጃ ተወርዶ የሚገባበት የሙዚቃ ክለብ ነው፤ ዛሬም አለ። ክፍሉ ወደ መድረኩ እየጠበበ የሚሄድ ሦስት ማዕዘን ሲሆን የሚይዘው 123 ሰው ብቻ ነው። የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው እጁን ቢዘረጋ ፒያኖውን ሊነካው ምንም አይቀረው።

ጁን 25 ቀን 1961 እሑድ ነበር። የሪቨርሳይድ ኩባንያ ፕሮዲዩሰር ኦሪን ኪፕኒውስ መቅጃ አስወርዶ የቢል ኤቫንስን ትሪዮ፣ የሦስት ሰው ቡድኑን፣ ቀዳ። ከቀትር በኋላ ሁለት ዙር፣ ማታ ሦስት ዙር ተጫወቱ። ድራሙ ላይ ፖል ሞሽን፣ ቤዙ ላይ ስኮት ላፋሮ። ከዚያ አንድ ቀን ሁለት አልበሞች ወጡ፤ «ሰንደይ አት ዘ ቪሌጅ ቫንጋርድ» እና «ዋልትዝ ፎር ዴቢ»። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከአንድ እሑድ ከዚህ የበለጠ የወጣ ነገር የለም።

«ዋልትዝ ፎር ዴቢ» የሚከፈተው «ማይ ፉሊሽ ሃርት» በሚባል ዝግ ያለ የፍቅር ዜማ ነው። ኤቫንስ ጥቂት ኖታዎች ያስቀምጥና ይጠብቃል፤ ድምፁ አየር ላይ ሟሙቶ እስኪያልቅ አይቸኩልም። ሞሽን ከበሮውን በብሩሽ ይዳብሳል እንጂ አይመታም። ላፋሮ በየምቱ አይገባም፤ አንድ ወፍራም ኖታ ያሳርፍና ይተዋታል፤ እሷም ፒያኖው ዝም ባለበት ቦታ ላይ እየነዘረች ትቆያለች። ከኋላ ብርጭቆ ይጋጫል፣ ሰው ያወራል፣ አንዱ ይስቃል። እነዚያ ሰዎች ምን ከፊታቸው እያለፈ እንደነበር አላወቁም። ስሰማው ሁልጊዜ «ኧረ ዝም በሉ» ማለት ያምረኛል፤ ደግሞም የእነሱ ድምፅ ባይኖር ክፍሉ ይህን ያህል ቅርብ እንደማይሆንልኝ አውቃለሁ።

ይህ የትሪዮው ለስላሳ ፊት ነው። የዚያኑ ቀን ሌሎች ዜማዎች ስትሰሙ ግን የላፋሮን ሌላ ጠባይ ታገኛላችሁ። መራመድን ትቶታል። ፒያኖው ሲናገር አቋርጦ ይናገራል፣ ይመልስለታል፣ አንዳንዴ ቀድሞት ይሄዳል፤ ከላይኛው ክሮች ላይ እንደ ጊታር ፈጠን ያለ ዜማ ያወጣል። ክሮቹን ከእንጨቱ ጋር በጣም አቀራርቦ ያስር ነበር፤ በቀኝ እጁ ሁለት ጣቶቹን እያፈራረቀ ስለሚመታ በዚያ ግዙፍ መሣሪያ ላይ ያ ሁሉ ፍጥነት ይቻለው ነበር። መሣሪያው ራሱ አሜሪካ ውስጥ በኒው ሃምፕሺር ግዛት አብርሃም ፕሬስኮት የተባለ ባለሙያ በ1825 ገደማ የሠራው ነው። ላፋሮ ቤዝ ያነሳው በ18 ዓመቱ ነበር። በዚያ እሑድ 25 ዓመቱ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ የቤዝን ሥራ ለዘላለም ለወጠው።

ጁላይ 6 ቀን፣ ከዚያ እሑድ 11 ቀን በኋላ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። ቤዙም በአደጋው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተጠግኖ እንደገና ድምፅ ሰጥቷል። ኤቫንስ ለወራት መድረክ ላይ አልወጣም። «ሰንደይ» የተባለው አልበም ዜማዎቹ ሲመረጡ የላፋሮ መታሰቢያ እንዲሆን ተደረገ፤ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ላፋሮ ራሱ የደረሰው ዜማ ነው።

አሁን ወደዚያው ምድር ቤት፣ ወደዚያው ዓመት ኖቬምበር እንመለስ። ኮልትሬን ለጥቂት ምሽቶች መጥቷል። የሚቀዳው ሩዲ ቫን ጌልደር ነው፤ እስከ 1959 ድረስ ቀን ቀን የዓይን መነጽር ሐኪም ሆኖ የሠራ፣ በትርፍ ጊዜው ግን የዘመኑን ጃዝ ግማሽ የቀዳ የሚያስመስል ሥራ የሠራ ሰው። ኖቬምበር 2 ቀን የተቀዳው «ቼዚን ዘ ትሬን» 16 ደቂቃ ይፈጃል። ፒያኖው ዝም ይላል። ሳክስፎን፣ ቤዝና ድራም ብቻ፣ አንድ ትንፋሽ እንደሆነ ሁሉ 16 ደቂቃ። በዚያው ወር አንድ የዳውን ቢት መጽሔት ሐያሲ የኮልትሬንን አጨዋወት «ፀረ ጃዝ» ብሎ ጻፈ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲያወርደው የሰማ ጆሮ በዚህ አይደነግጥም፤ ሳክስፎን መጮህ ብቻ ሳይሆን መፎከርም መማጠንም እንደሚችል ያውቃል። የአሜሪካው ሐያሲ ግን ደነገጠ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጁን ላይ በዚያ ክፍል ውስጥ ፒያኖው ጸጥ ብሎ ሲናገር ከሥሩ የነበረው ቤዝ ዕረፍት የማያውቅ ነበር። ኖቬምበር ላይ በዚያው ክፍል ሳክስፎኑ ሲናወጥ ከሥሩ ያለው ቤዝ ደግሞ የማይነቃነቅ ሆነ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በለስላሳው ሙዚቃ ውስጥ ነውጡ ከሥር ነው፤ በነውጠኛው ሙዚቃ ውስጥ እርጋታው ከሥር ነው። «ማይ ፉሊሽ ሃርት»ን የመሰሉ ዜማዎች ከዚህ ደንብ ያፈነግጣሉ፤ ሌሎችም አሉ። ሆኖም ጆሯችሁን ወደ ታች ስታወርዱ ለስላሳው እንደምታስቡት የተኛ እንዳልሆነ፣ ጩኸቱም እንደምታስቡት የተሳከረ እንዳልሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃዬ «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ነው። ስሙ «የላቀ ፍቅር» እንደ ማለት ነው። ዲሴምበር 9 ቀን 1964 በአንድ ምሽት፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኢንግልዉድ ክሊፍስ በሚገኘው የቫን ጌልደር ስቱዲዮ ተቀዳ። ጣሪያው በእንጨት የተሠራና 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ስለሆነ የገባበት ሁሉ ጸሎት ቤት ይመስለዋል። ፒያኖ ማኮይ ታይነር፣ ቤዝ ጂሚ ጋሪሰን፣ ድራም ኤልቪን ጆንስ። አልበሙ አራት ክፍል አለው፤ ሁሉም ተደምሮ 33 ደቂቃ ገደማ ነው።

ኮልትሬን በአልበሙ ሽፋን ላይ ለአድማጩ በጻፈው ደብዳቤ፣ በ1957 በእግዚአብሔር ጸጋ መንፈሱ እንደነቃ ይመሰክራል። ያ ዓመት ከሄሮይንና ከመጠጥ የተላቀቀበት ዓመት ነው። አልበሙ ስለቱ ነው ብዬ ነው የምወስደው። አንድ ሰው ከጥፋት ተርፎ ስለቱን ሲያስገባ የምናየው ነው። ደግሞም ስለቱ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። በ1963 በርሚንግሃም፣ አላባማ፣ ዘረኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፈንጂ አፈንድተው አራት ልጃገረዶች ሲገድሉ ኮልትሬን «አላባማ» የሚለውን ሐዘን ከሁለት ወር በኋላ ቀድቶ ነበር። የዚህ ሙዚቃ ጩኸት ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው የጥቁር አሜሪካውያንን ቤተ ክርስቲያን ማስታወስ አለበት።

አልበሙ በጎንግ ይከፈታል። ሳክስፎኑ አጭር ጥሪ ያሰማል። ከዚያ ሁሉም ዝቅ ይላሉና ጋሪሰን ብቻውን አራት ኖታ ይደጋግማል። የአልበሙ ስም በእንግሊዝኛ አራት ቀለም ነው፤ ቤዙ አራት ኖታ ነው። ማለትም ሰው አፉን ሳይከፍት ቤዙ የአልበሙን ስም እየጠራ ነው። ኮልትሬን ሰማይና ምድሩን ዞሮ ሲመለስ እነዚያኑ አራት ኖታዎች በሳክስፎን ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው ከፍታ እያዘዋወረ ይደጋግማል፤ አንድም ሳያስቀር በሁሉም። በመጨረሻ ሳክስፎኑን ከአፉ አውርዶ በራሱ ድምፅ ያዜመዋል። ቤዙ ሲናገረው የቆየውን ቃል በሰው ድምፅ የምንሰማው ያኔ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ የሚቀረው ቤዙ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ክፍል የሚከፍተውም እሱ ነው።

ለእኔ የአልበሙ እምብርት ግን በሦስተኛው ክፍል ማብቂያ ላይ ነው። ድራሙ ተናውጦ፣ ፒያኖው ተናውጦ፣ ሳክስፎኑ ከተናወጠ በኋላ ሁሉም ዝም ይላሉ። ጋሪሰን ብቻውን ይቀራል። ለጥቂት ደቂቃ ማንም አይረዳውም። አንድ ኖታ ይመታል፤ ያዳምጣታል። ሁለት ሦስት ክር ባንድ ላይ በጣቶቹ ይደረድራል፤ ቤዝ መሆኑ ቀርቶ ሌላ የክር መሣሪያ ይመስላል። የጣቱ ቆዳ ክሩን ሲለቅ ይሰማል። ሮጦ ይጀምርና መሃል ላይ ይተወዋል። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ የሚታየኝ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብቻውን የቀረ ሰው ነው። «ጮክ ያለ አልበም ነው» የምትሉኝ ካላችሁ እባካችሁ እዚህ ቦታ ላይ አብራችሁኝ ተቀመጡ።

(የሦስተኛው ክፍል መጨረሻና የአራተኛው መጀመሪያ ተደመጠ።)

ከዚህ ብቸኝነት አራተኛው ክፍል ይወለዳል። ስሙ «ሳልም» ነው፤ መዝሙር። ኮልትሬን ሽፋኑ ላይ ያሳተመውን የራሱን ጸሎት በሳክስፎን ያነበዋል፤ ለየቀለሙ አንድ ኖታ፣ ያለ ቃል። ጽሑፉን ይዛችሁ ብትከታተሉት መስመር በመስመር ይገጥማል። እኛ ዳዊት ሲደገም ሰምተን ያደግን ሰዎች ያንን ዝግ ያለ፣ መስመሩ ሲያልቅ የሚወድቅ፣ እንደገና የሚነሳ አነባበብ ወዲያው እንለየዋለን። ቋንቋውን ሳናውቅ ንባብ መሆኑን እናውቃለን።

በማግስቱ ዲሴምበር 10 ኮልትሬን ተመልሶ የመጀመሪያውን ክፍል እንደገና ሞከረው። የጨመራቸው ሁለት ሰዎች አርቺ ሼፕ በሳክስፎን፣ አርት ዴቪስ በቤዝ ናቸው። ሁለት ቤዝ! ይህ የአንድ ቀን ሐሳብ አልነበረም። በቫንጋርድ «ኢንዲያ»ን ሲጫወት ሁለት ቤዝ ነበረው። በ1965 ሲያትል ውስጥ «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ን መድረክ ላይ ሲያቀርብም ሁለት ቤዝ ነበረው፤ ያ ቅጂ ለሕዝብ የወጣው በ2021 ነው። ከላይ ያለው ድምፅ ወደ ሰማይ ሲወጣ ኮልትሬን ከሥር መሬቱን ያወፍራል። ዛፍ የተከለ ሰው ይገባዋል።

ኮልትሬን ጁላይ 17 ቀን 1967 በጉበት ካንሰር ሞተ፤ 40 ዓመቱ ነበር። የቀሩት ይህን የሥር ምሥጢር ይዘውት ሄዱ። ሲያትል ላይ አብሮት የነበረው ሳክስፎኒስት ፋሮ ሳንደርስ በ1969 «ካርማ»ን አወጣ። «ዘ ክሪኤተር ሃዝ ኤ ማስተር ፕላን» የሚባለው ዋናው ሥራ ከ32 ደቂቃ በላይ ስለሆነ በሸክላው በሁለቱም ገጽ ተከፍሎ ነበር የወጣው። መሃሉ ላይ ሰው ሊቋቋመው የሚከብድ ማዕበል አለ፤ አልደብቃችሁም። ነገር ግን ሪቻርድ ዴቪስና ሬጂ ወርክማን፣ እንደገና ሁለት ቤዝ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያመላልሱትን ሐረግ ይዛችሁ ብትቆዩ ማዕበሉን ታልፉታላችሁ። ከወዲያ ማዶ የሚጠብቃችሁ ሰላም ማዕበሉን ያላለፈ ሰው የማያገኘው ነው።

የኮልትሬን ባለቤት አሊስ ደግሞ ከአራት ልጆች ጋር የቀረች የዲትሮይት ፒያኒስት ነበረች። ሐዘኗን ወደ ሃርፕ ወሰደችው። በ1971 የወጣውን «ጆርኒ ኢን ሳትቺዳናንዳ» የሰየመችው በሕንዳዊው መምህሯ ስም ነው። የሕንዱ ታንፑራ እንደ ንብ ሲያውም፣ የሴሲል ማክቢ ቤዝ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይቀመጣል። አይለቃትም። በላዩ ላይ የአሊስ ሃርፕ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ የሳንደርስ ሶፕራኖ ሳክስፎን ከሩቅ ይመጣል። መንፈሳዊ ጃዝ ያልሰማ ሰው በየቱ ልጀምር ብሎ ቢጠይቀኝ በ«ኤ ላቭ ሱፕሪም» አላስጀምረውም፤ በዚህ ነው የማስጀምረው። አያስፈራም፤ ጥልቀቱ ግን ምንም አያንስም።

አሁን ተመልሰን ወደ ለስላሳው እንምጣ። ከኮልትሬን አልበሞች አንዱ «ባላድስ» ይባላል፤ በ1961 መጨረሻና በ1962 ተቀድቶ በ1963 ወጣ። «ፀረ ጃዝ» ከተባለ ከሳምንታት በኋላ ነው የጀመረው። ቀርፋፋ የፍቅር ዜማዎች፣ አጫጭር፣ ያለ አንዳች ጩኸት። የተጫወቱትም ከሞላ ጎደል እነዚያው ኋላ «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ን የቀዱት አራት ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ጯሂውና ለስላሳው ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው የሚል ክርክር እዚህ ያበቃል። ጋሪሰንን ብቻ እየተከተላችሁ ሁለቱን አልበሞች በተከታታይ ስሙ፤ ያው እጅ ነው።

ስለ ለስላሳው ጃዝና ስለ ትሪዮ ሲነሳ ፒያኒስቱን አሕመድ ጀማልን ሳይጠሩ ማለፍ ነውር ነው። በጃንዋሪ 1958 ቺካጎ ውስጥ በፐርሺንግ ሆቴል የቀዳው አልበም ከ100 ሳምንት በላይ በብዛት ከተሸጡ ሸክላዎች ሠንጠረዥ አልወረደም። ጀማል ብዙ አይመታም፤ ዝም ማለትን እንደ ኖታ ይጠቀምበታል። ይህን ማድረግ የቻለው ቤዚስቱ እስራኤል ክሮስቢ ዝምታውን የሚሞላ ዜማ ከሥር ስለሚያወርድ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የራሳችን ሰው አለ። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ቀረ። ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይይዝ ነበር፤ ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም በትሪዮ አወጣ፤ ቤዝ ማይክ ማይኮቭስኪ፣ ድራም ቶኒ በክ፣ እሱ ደግሞ በኪቦርድ፣ በአኮርዲዮንና በፒያኖ። የሚከፈተው በትዝታ ነው። ትዝታን ሺህ ጊዜ ሰምተናል፤ ከሥሩ እንዲህ ያለ የእንጨት ቤዝ እየተነፈሰ ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? የመጨረሻው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ደግሞ ብቸኛ ፒያኖ ነው። ቤዙ የለም። በአልበሙ ሁሉ ሲከተለው የነበረ ጆሮ እዚያ ሲደርስ ባዶነቱ ይታወቀዋል፤ የዜማው ኀዘንም የሚገባው በዚያ ባዶነት ነው።

ወዳጆቼ፣ ምሽቱ ገፍቷል። አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። ዛሬ አብዛኞቻችን ሙዚቃ የምንሰማው በስልክ ነው። የስልክ ስፒከር የአንድ ጥፍር ያህል ነች፤ የደብል ቤዝን ወፍራም ድምፅ ማውጣት አትችልም። ያቺ 41 ጊዜ የምትርገበገበው ክር ከስልካችሁ አትወጣም። እኔ በዚያች ቴፕ ዓመታት እንዳጣሁት እናንተም እንዳታጡት እፈራለሁ። ስለዚህ ቤት ስትገቡ ስልኩን ከስፒከር ጋር አያይዙት፤ ስፒከር ከሌለ ጆሮ የሚሸፍን ኢርፎን ተዋሱ። መብራቱን ቀንሱ። ለልጆቻችሁም ዝም ብላችሁ ቤዙ የት እንዳለ ጠይቋቸው፤ ከእኛ ቀድመው ያገኙታል።

በ«ጄድ ቪዥንስ» ጀምሩ። የ«ሰንደይ አት ዘ ቪሌጅ ቫንጋርድ» መዝጊያ ነው፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ላፋሮ የደረሰው ነው፤ ሁለት ሁለት ክር ባንድ ላይ እየመታ ቀስ ብሎ ይመራዋል፤ ኤቫንስ ከላይ ይከተለዋል። ብርጭቆው ሲጋጭም ትሰማላችሁ። የተቀዳው በዚያ እሑድ ምሽት፣ በመጨረሻው ዙር ነው።